ቁልፍ ለየባለቤቱ

«ዝም ብለሽ አርሚው፣ ዘይቱ። የሦስታችንም ቁልፍ አንቺ እጅ አይደል?» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ጃኬታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከወንበሯ ጀርባ ቆመው።

የዘይቱና ዓይን ኮምፒውተሩ ላይ ከበራችው ቀይ ምልክት አልተነሳም። የጋሼ መኪና ትናንት ከፑዌብሎ ኢንሱሊን ጭና ስትመጣ፣ ከጭነቱ ጋር የተቀመጠው ቴርሞሜትር ሙቀቱ ከተፈቀደው በላይ መውጣቱን መዝግቧል። ሽው ብሎ ያለፈ ሙቀት አይደለም፤ ሾፌሩ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ ምሳ በልቶ እስኪነሳ ድረስ እንደወጣ ቆይቷል።

«ሾፌሩ ምን አለ?»

«ካርቶኑን ሲያስተካክል ቴርሞሜትሩን ጋቢና ይዞት ሄዶ ረሳው። ጋቢና ደግሞ ሂተር ተከፍቷል። የሞቀው ቴርሞሜትሩ ነው እንጂ መድኃኒቱ ምንም አልሆነም። ሌላ ነገር የለውም።»

«እርስዎ አመኑት?»

«ታዲያ ሰውየውን ውሸታም ልበለው? ስንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የጭነት ድርጅቶች አሉ፤ የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ የረሻድና የፋና። ሁሉም ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ጥቂት ጥቂት መኪኖች አሏቸው። ለየብቻቸው ትልቅ ሥራ አልገኝ ሲላቸው ተባበሩና ከአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ጋር ተዋዋሉ። አከፋፋዩ አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፤ የእያንዳንዱ ጭነት ሙቀት ብሎክቼይን በሚሉት የጋራ ኔትወርክ ላይ እንዲመዘገብ። እዚያ ላይ አንዴ የገባ ነገር አይፋቅም። እርማት ካስፈለገ ከጎኑ ይጻፋል፤ እሱም ቢሆን ከሦስቱ ድርጅቶች ሁለቱ በየራሳቸው ቁልፍ ካልፈረሙበት አይጸናም። ቁልፍ ሲባል የብረት አይደለም፤ የኮምፒውተር ነው፣ የሰው ፊርማ በሉት። አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢዋሽ ሌላው እንዲይዘው ተብሎ የተሠራ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተዳድር ሰው ያስፈልጋል። ዘይቱና ያኔ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። «ይቺ ልጅ ጭንቅላቷ ይሠራል፤ ውጭ ሰው ከምንቀጥር እሷን እናስተምር» ብለው የተሟገቱላት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን የመኪኖቹን ስምሪት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ሄዳ ሶሲ ከምትባል መምህርት ትማራለች። ሶሲ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ስታስተምር ግን ትዕግሥቷ አያልቅም።

ትምህርቱ ለዘይቱና ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ቃላቱ ራሳቸው ያዞሯት ነበር። አንድ ቀን በመለማመጃው ኔትወርክ ላይ ያረጀ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የአንድ ድርጅት መግቢያ ፈቃድ፣ ሰርዢ ስትባል አዲሱን ሳትሰጥ አሮጌውን ሰረዘችው፤ ያ ድርጅት የሚገባበት በር አጣ፣ እሷም የምትከፍትበት አጣች። «ዌል፣ ከደጅ ቆለፍሽባቸው» ብላ ሶሲ ሳቀች። ዘይቱና ግን አልሳቀችም። ከሥር ፈትታ እንደገና ሠራችው። መጀመሪያ አዲሱን መስጠት፣ ከዚያ አሮጌውን መንጠቅ። ከዚያ ወዲያ አልረሳችውም።

የቁልፎቹ ነገር የተበላሸው ግን እዚህ ቢሮ ነው፣ ኔትወርኩ በተከፈተበት ቀን። እያንዳንዱ ባለቤት በየራሱ ላፕቶፕ የራሱን ቁልፍ ማውጣት ነበረበት። ረሻድ፣ «እኔ የኢሜሌን ፓስወርድ እንኳ ሚስቴን ነው የምጠይቀው፤ አንቺው ያዥልኝ» አለ። ፋና፣ «አንቺን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው?» አለች። ጋሼ እጃቸውን አወዛውዘው ወደ ጋራዡ ሄዱ። ዘይቱና እምቢ ልትል አስባ ነበር፤ ይሉኝታ ያዛት። ሰው አምኖ የሰጠውን እንዴት አድርገው ይመልሱለታል? ሦስቱንም ቁልፍ ራሷ አወጣች፣ የራሷ ላፕቶፕ ላይ አስቀመጠች።

ባለፈው ቅዳሜ ሶሲ በጨዋታ መሀል ጠየቀቻት።

«ሶ፣ ቁልፎቹ የት ናቸው?»

«እኔ ጋ።»

«ኦል ኦፍ ዘም? ሦስቱም?»

«አዎ። ያምኑኛል።»

ሶሲ ጨዋታውን ትታ፣ «እንግዲያው ዘይቱ፣ እሱ ኔትወርክ አይደለም» አለቻት። «እሱ ያንቺ ላፕቶፕ ነው።»

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአከፋፋዩ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ኔትወርኩን አይቶ ካልተቀበለው የመድኃኒቱ ሥራ ያበቃል፤ የዘይቱናም ወንበር አብሮ ይሄዳል። ኢንሱሊኑ መጋዘን ተቀምጧል፤ ቀይዋ ምልክት ከታረመች ነገ ወደ ፋርማሲዎች ይወጣል።

የእርማቱን ገጽ ከፈተችው። ጋሼ ከኋላዋ ተነፈሱ፣ ቀለል እንዳለው ሰው። «ቴርሞሜትሩ ጋቢና ተረስቶ ነው» ብሎ መጻፍ፣ በጋሼ ቁልፍ መፈረም፣ ከዚያ በረሻድ ቁልፍ መድገም። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም። የሾፌሩ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። እሷን የጨነቃት፣ እውነት ቢሆንም ውሸት ቢሆንም ጣቷ እኩል ሊፈርም መቻሉ ነው። ያንን መድኃኒት የሚወጋው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ እሱም እሷን አያውቃትም።

ገጹን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ አላርመውም።»

«ለምን? ማን ያይሻል?»

«ማንም። ችግሩ እሱ ነው።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እዚህ ያደረሰሽ ማነው አላሉም። ቢሉት ይቀላት ነበር፤ ትመልስላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እያሹ መሬት መሬት አዩ።

ዘይቱና ስልኳን አነሳች። መጀመሪያ ረሻድ ጋ ደወለች።

«ላፕቶፕህን ይዘህ ና።»

«ላፕቶፔን? ልጆቹ ጌም የሚጫወቱበትን?»

«እሱኑ። አሁን።»

ፋና ጋ ስትደውል ደግሞ ፋና ጮክ ብላ፣ «ምን አጠፋን? ሰላም ነው ወይ?» አለች። «ሰላም ነው። ነይና ቁልፍሽን ውሰጂ» ስትላት ድምፅዋ ወረደ። «እኛ አንቺን አምነን፣ አንቺ ጠላሽን ማለት ነው?»

«እሱን መጥተሽ ተቆጪኝ።»

ረሻድ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ወጥቶ፣ ፋና ከግሌንዴል ነድታ መጡ። ፋና ፊቷን አልፈታችም። ዘይቱና ሦስቱን ላፕቶፖች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ እያስነሳች ነገሩን አስረዳቻቸው።

«ይሄ የኔ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሦስታችሁም ተሰረቃችሁ ማለት ነው። እኔ ብሳሳት ደግሞ የሚይዘኝ የለም።»

«አንቺማ አትሰርቂም» አለ ረሻድ። «ባለፈው ቻርጀሬን ረስቼ፣ በዚያ በረዶ ቤቴ ድረስ አመጣሽልኝ አይደል እንዴ?»

«አየህ፣ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ኔትወርኩ የኔን ጠባይ ማወቅ የለበትም። ነገ እኔ ሄጄ ሌላ ሰው ይቀመጥ ይሆናል።»

ፋና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጎተተች። «በይ እሺ፣ አሳዪኝ። ግን አንዴ ነው የማሳይሽ እንዳትዪኝ፤ እኔ ቶሎ አይገባኝም።»

ዘይቱና ለእያንዳንዱ ድርጅት አዲስ አስተዳዳሪ መዘገበች፣ በየባለቤቱ ስም። ለእያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ የሚሠራ ኮድ ሰጠቻቸው። ኮዱን በየላፕቶፓቸው አስገብተው የራሳቸውን ፓስወርድ መምረጥ ብቻ ነበር የቀራቸው። እዚያ ሲደርሱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የልጄን ስም ላድርገው?» አለ ረሻድ።

«አትንገረኝ። የልጅህን ስምም አታድርገው።»

«እንዴ፣ ሳትሰሚ አወቅሽው?»

ፋና እንኳ ሳቀች።

ሦስቱም አዲስ ቁልፍ መሥራታቸውን አንድ በአንድ አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ራሷ ላፕቶፕ ተመልሳ አሮጌዎቹን ሰረዘች። የረሻድን፣ የፋናን፣ መጨረሻ ላይ የጋሼን። ስትጨርስ ሆን ብላ በተሰረዘው የጋሼ ቁልፍ ለመፈረም ሞከረች። አይፈቀድልሽም አላት። ቅልል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ከአሁን በኋላ ያንን ቀይ ምልክት በተመለከተ ማድረግ የምትችለው ምንም ነገር የለም።

«አሁን አንቺ ምን ሆንሽ ማለት ነው?» አለች ፋና። «ቁልፍ የሌላት ቁልፍ ያዥ?»

«ሠራተኛችሁ።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ላፕቶፓቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «በሉ፣ እኔ እርማቴን ላስገባ» አሉ። ጣታቸው ሰነፍ ነው፤ አንዱን ፊደል ፈልገው ሲያገኙት ሌላው ይጠፋባቸዋል። «ዘይቱ፣ ነይ ይሄን ጻፊልኝ።»

እጇ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሄደ፤ መለሰችው። «እርስዎ ይጻፉት፣ ጋሼ። አንቸኩልም።»

ጻፉት። ገጹ ላይ ስማቸው ወጣ፤ ከሥሩ ይፈርሙ እንደሆነ ይጠይቃል። ረሻድ ጎንበስ ብሎ አየውና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከፈረሙ እኔ እንዴት አልፈርምም እላለሁ? ግን... ጋቢና እንደነበር አይተውታል?»

«እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉትና ሾፌሩ ጋ ደወሉ። ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

«ስማኝ ልጄ፣ አልቆጣህም። በስሜ ልፈርምልህ ነውና እርግጡን ንገረኝ። ቴርሞሜትሩ ጋቢና ነበር?»

በስልኩ የመንገድ ድምፅ ይሰማል።

«ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ጠዋት እርግጠኛ ሆነህ ‹ነበር› ነው ያልከኝ።»

«አዎ... ነበር መሰለኝ። ከፑዌብሎ ስነሳ ማቀዝቀዣውን ማብራቴን ራሱ አሁን ሳስበው... እንጃ።»

«ይሁን። ቀስ ብለህ ንዳ» ብለው ዘጉት።

ጣታቸው ሰሌዳው ላይ ቆየ። ከዚያ የጻፉትን ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል ያጠፉት ጀመር። ሲጨርሱ፣ «በመሰለኝ አልፈርምም» አሉ። «ጭነቱ ይመለስ። ኪሳራው የኔ ነው።»

«አይ፣ የሦስታችንም ነው» አለች ፋና፣ ቆጣ ብላ። «ውሉ የጋራ አይደል?»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ረሻድ በመስኮት አየ። «ሰውየው መጣ።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተነሱና ወንበራቸውን ለዘይቱና ለቀቁላት። «በይ ነይ፣ አንቺ አስረጂው። እንግሊዝኛውም ኮምፒውተሩም ያንቺ ነው።»

ፋና ወደ ዘይቱና ጆሮ ጠጋ አለች። «ቁልፎቹ እስከ ዛሬ አንቺ ጋ እንደነበሩ ግን ምን ያስወራሻል? ከጠየቀ ያኔ ይታያል።»

ዘይቱና ባዶውን ወንበር አየችው። በተማረችበት ቅዳሜ ሁሉ፣ በሠራችው ስህተት ሁሉ የፈለገችው ወንበር ነው። ጋሼን በክንዳቸው ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረችው።

«የጭነቱን እርስዎ ይንገሩት፣ ጋሼ። እንግሊዝኛው ሲያንስዎ እኔ አለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ የቁልፎቹን እነግረዋለሁ።»

«የቁልፎቹን ምኑን?»

«እስከ ዛሬ የት እንደነበሩ። ሳይጠይቀኝ።»

ከግድግዳው ሥር ሌላ ወንበር አምጥታ ከእሳቸው አጠገብ አደረገች፤ ከዚያም በሩን ልትከፍት ሄደች።