የሽማግሌው እግሮች

በእህቴ ቀናሁ ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። እርር ድብን ነው ያልኩት። ሙያውን ያስተማርኳት እኔ፣ ቁልፍ አያያዝ ያሳየኋት እኔ፤ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሷ ስም ሲለጠፍ ግን ከሰው ኋላ ተንጠራርቼ አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንሠራበት አዳራሽ ውስጥ ሰማይ ደርሰው የተመለሱ ቡስተሮች ይታደሳሉ። ቡስተር ሮኬቱን ከመሬት አንስቶ የሚገፋው ክፍል ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ተነጥሎ ይመለስና እግሮቹን ዘርግቶ ይቆማል። እኛ ደግሞ ጥላሸቱን አጥበን፣ ቧንቧውን መርምረን ለሌላ ጉዞ እናሰናዳዋለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባዱ ሮኬት ይወነጨፋል፤ በግራና በቀኝ የሚገፉት ሁለቱም ያገለገሉ ቡስተሮች ናቸው። አንዱ ከሌላ አዳራሽ ተመርጧል። ሁለተኛው ከኛ ነው፤ ወይ የኔው "ሽማግሌው"፣ ወይ የእህቴ "ሙሽሪት"።

ሽማግሌው ስምንት ጊዜ ሄዶ ስምንት ጊዜ ተመልሷል። ስምንቱንም ጊዜ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የትኛው ብሎን እንደሚያስቸግር፣ የትኛው በር ሲዘጋ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ። ሙሽሪት የሄደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀለሟ እንኳ በወጉ አልጠቆረም። የተመረጠችው ግን እሷ ሆነች።

የባሰው ደግሞ እህቴ አለመደሰቷ ነው። ብትፈነጥዝ ለመናደድም ይመቸኝ ነበር። አንገቷን ደፍታ ትሠራለች፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት ፈገግ ብላ ዞር ትላለች። ሌላው ሰው ትሕትናዋን አደነቀ። እኔ ጥጋብ ነው አልኩ። እሑድ እናታችን ቤት ምሳ ስንበላ፣ እናቴ አፏን ሞልታ ስለ ልጇ ሮኬት ስታወራ ሁለት ልጅ መውለዷን የረሳች መሰለኝ። በማግስቱ ሰኞም ማክሰኞም እህቴ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ አንድ ነገር ልንገርህ አለችኝ። የድምፅ መከላከያውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ መፍጫውን አስነሳሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት።

እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ማንም በገዛ ቡስተሩ ላይ ብቻውን አይፈርምም። የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልጋል። ሙሽሪትን እንድመረምር የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሐሙስ መብራቴን ይዤ ሆዷ ውስጥ ገባሁ። እግዜር ያውቃል፣ የእህቴ ሥራ እንከን አይወጣለትም። አንዲት ቧንቧ ላይ ብቻ ፀጉር የምታህል ጭረት አገኘሁ። ለካኋት። ከሚፈቀደው ግማሽ እንኳ አትሞላም። እንዲህ ያለችውን በሽማግሌው ላይ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን ልኬቷን ሳልጽፍ "አጠራጣሪ" ብዬ ፈረምኩ። አጠራጣሪ የተባለ ቡስተር ለአንድ ወር ምርመራ ይገባል፤ ሮኬቱ ደግሞ ወር አይጠብቅም።

አርብ ሙሽሪት ከሰሌዳው ወርዳ ሽማግሌው ወጣ። ደስታዬን የማስቀምጥበት አጣሁ። ለእናቴ ደውዬ የሚሄደው የኔ መሆኑን፣ ተመልሶ ሲቆም በቴሌቪዥን እንድታየው ነገርኳት። እህቴ በአጠገቤ ስታልፍ ዓይኗ ቀልቷል። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ ይኸው እሷም ቀናች።

በሚቀጥለው ሰኞ አለቃችን የሥራ ወረቀት ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር "አራቱም እግሮች ይነሱ" ይላል። ተሳስተዋል ብዬ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቢሮው ገባሁ። ያለ እግር በምን ይቆማል አልኩት። አለቃዬ ጭነቱ ከታሰበው በላይ መክበዱን ነገረኝ። ለመመለሻ የሚቀመጠው ነዳጅ ሁሉ ለመግፊያ ይውላል፤ ሁለቱም ቡስተሮች ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። ለሠራተኛው ገና አልተነገረም።

"እህትህ አልነገረችህም እንዴ?" አለ። "መጀመሪያም የተመረጠው ሽማግሌው ነበር፣ ብዙ ስላገለገለ። እሷ ናት እዚህ ቁጭ ብላ 'የሱን ተዉለት፣ የኔን ውሰዱ' ብላ የለመነችኝ። እኔ እነግረዋለሁ ስላለች ዝም አልኩ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ግን የብብቴን በገዛ እጄ ነው የወረወርኩት። አንድ መውጫ ቀርቶኝ ነበር፤ ጭረቷ ደህና ናት፣ ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ማለት። ያን ብል ሽማግሌው ይተርፋል፣ ሙሽሪት ትሄዳለች፣ የመፈረም መብቴን እነጠቃለሁ፤ እህቴም ወንድሟ ምን እንደሠራባት ታውቃለች። አፌን ከፈትኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እግሮቹን መፍታት ጀመርኩ። ብሎኑ እምቢ አለኝ፤ ወይም እጄ ነው እምቢ ያለው። እህቴ ትልቁን ቁልፍ ይዛ መጣችና ከጎኔ ተንበረከከች። ቀና ብዬ አላየኋትም። አንዱን እግር አውርደን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ ዓይኗን ከብሎኑ ሳታነሳ ተናገረች።

"ጭረቷን እኔም ለክቻት ነበር፣ ጋሼ።"



"ለማንም አልተናገርኩም" አለች። "አልናገርምም። እስቲ ይቺን ያዝልኝ።"

ያዝኩላት። ማፈር ነበረብኝ፤ አፍሬያለሁም። ከኀፍረቱ ቀድሞ የመጣብኝ ግን ያው የለመድኩት ነው። እኔ ያላስተማርኳትን እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣችው ብዬ፣ እንደገና ቀናሁባት።