አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለችው

ጣይባ ከኩሽና የወጣውን ትኩስ ዓሣ ይዛ በአዳራሹ መሃል ስታልፍ በጆሮ ማዳመጫዋ የሚስተር ፋን ድምፅ ገባ።

“ጣይባ፣ አራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሻይ አልተሰጣትም።”

“እሺ፣ አሁን ይደርሳል” አለችና ዓሣውን ለእንግዶቹ አስቀምጣ ዞር አለች። አራተኛው ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ጥጉ ላይ ነው። ማንም አልነበረበትም። ነጩ ጨርቅ እንደተዘረጋ፣ ሲኒዎቹ እንደተደፉ፣ ወንበሮቹም እንደተጠጉ ነበሩ።

“አራተኛው ባዶ ነው ሚስተር ፋን። አምስተኛውን ማለትዎ ይሆን?”

“አራተኛ አልኩህ። ግራጫ ሹራብ የለበሰችው። ጀርባዋ ነው ለእኔ የሚታየኝ።”

ጣይባ ቀና ብላ ጣሪያው ጥግ ላይ ያለውን ካሜራ አየች። “እሺ” ብላ ወደ ኩሽናው አመራች።

ሚስተር ፋን ሐርጌሳ አልነበሩም። ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ተገኝቶባቸው ለሕክምና ወደ አገራቸው፣ ወደ ጓንግዡ ከሄዱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ምግብ ቤቱን ለጣይባና ለዋናው አብሳይ ለቢያድግልኝ አደራ ሰጥተው ሲሄዱ ስድስት ካሜራ አስተክለው ነበር። ሐርጌሳ ምሳ ሲበላ እዚያ ይመሻል፤ እሳቸውም አልጋቸው ላይ ተደግፈው በስልካቸው አዳራሹን ያያሉ። ሩዝ የዘገየ እንደሆነ ይደውላሉ፣ ናፕኪን የተጣመመ እንደሆነ ይደውላሉ። ሠራተኛው ለምዶታል።

ጣይባን ያስደነገጣት የጠረጴዛው ባዶ መሆን አልነበረም። ያስደነገጣት አነጋገራቸው ነው፤ እሱም የገባት ቆይቶ፣ ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ ነው። ሚስተር ፋን አማርኛ የለመዱት ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለሠራተኛው ሲያበስሉ ነው። ካምፑ የወንድ ብቻ ስለነበር አማርኛቸው ሴት አያውቅም። ጣይባንም፣ ዕቃ አጣቢዋንም፣ በወርቅ ተንቆጥቁጣ የምትመጣዋንም እንግዳ “አንተ” እና “እሱ” ነው የሚሉት። በእሳቸው አፍ “መጣች”፣ “ደከማት”፣ “አልተሰጣትም” የሚባልላት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሚስታቸው ማዳም ሜይ። ማዳም ሜይ ከሞቱ ደግሞ ዓመት ከአራት ወር አልፏል።

“ምን ሆነሽ ነው ደርቀሽ የቀረሽው?” አላት ቢያድግልኝ መጥበሻውን እያወዛወዘ።

“ሚስተር ፋን ‘አልተሰጣትም’ አሉኝ።”

“ምኑ?”

“ሻይ። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ። ‘አልተሰጠውም’ አላሉም።”

ቢያድግልኝ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደ። የደሴ ልጅ ነው፤ ከሚስተር ፋን ጋር ከካምፑ ጀምሮ ኖሯል፣ አማርኛቸውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። “የሚሰጧቸው መድኃኒት ከባድ ነው አሉ። ሰው ያቃዣል” አለ። ይህን ብሎ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አማተበ።

ምግብ ቤቱ 26 ጁን በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ በሦስት ቋንቋ “ጸጥተኛው ሐይቅ” ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው ግን “ሺናሃ”፣ ቻይናው ቤት፣ እያለ ነው የሚጠራው። ቀይ የእንጨት በር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ወለል፣ መሃላቸው የሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛዎች አሉት። ለሽምግልና የመጣ ሽማግሌ፣ ከለንደን የተመለሰ ዘመድ፣ ከሆቴሉ ምግብ የሰለቸው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ እዚያ ይጋበዛል። ከበርበራ በበረዶ የሚመጣውን ዓሣና በዝንጅብል የተጠበሰውን የግመል ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ከተማው ውስጥ ትልቅ ነኝ ለማለት ያፍራል።

አራተኛው ጠረጴዛ የማዳም ሜይ ነበር። በቻይኖች ቋንቋ አራት የሚለው ቃል ድምፁ ሞት ከሚለው ጋር ይቀራረባልና ቻይናዊ እንግዳ እዚያ መቀመጥ አይወድም። “እንግዲያው ለእኔ ይሁን” ብለው ማዳም ሜይ ያዙት። የምሳው ግርግር ጋብ ሲል፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ግራጫ ሹራባቸውን ደርበው፣ የሚያማቸውን ግራ እግር ወደ መተላለፊያው ዘርግተው፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ሻያቸውን ይጠጣሉ። የሚያውቁት አማርኛ ከሃያ ቃል አይበልጥም። ጣይባ ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለው ቤቷ እናቷን ባስታመመችበት ጊዜ ግን ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሾርባ ቋጥረው ልከውላታል። አንድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ቀሩ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በኩል ወደ አገራቸው ሄዶ በትውልድ መንደራቸው ተቀበረ።

በማግስቱም ልክ በዚያው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። “ዛሬም ሻይ የላትም።” በሦስተኛው ቀን፣ “ብርድ ላይ ናት፣ መስኮቱን ዝጋላት።” መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ባልና ሚስት ራሳቸው መርጠው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሾርባው ሳይመጣ ሴትየዋ ተነሳች።

“ምን ጎደለ?” ብላ ጣይባ በሶማልኛ ጠየቀቻት።

“ምንም። ትንሽ ይበርዳል” አለች ሴትየዋ ሻርፗን እየሰበሰበች። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሲያነደው ይታይ ነበር።

ጣይባ ነገሩን በሆዷ ይዛ አደረች። በነጋታው ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሲራገፍ የሩዝ ጆንያ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገብታ የካሜራውን ማሳያ ከፈተች። የአራት ቀን ቅጂ ነበረ። ሰባት ከሃያ ላይ እያቆመች አየችው። አራተኛው ጠረጴዛ ባዶ ነው። በሁለተኛውም ቀን ባዶ ነው። አልሐምዱሊላህ ብላ ልትዘጋው ስትል ግን ዓይኗ አስተናጋጇ ኒምኮ ላይ ዐረፈ።

ኒምኮ ትሪ ተሸክማ በመተላለፊያው እየመጣች ነበር። አራተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ስትደርስ እርምጃዋን አሳጠረች፣ ወገቧን ወደ ቀኝ ሰበቅ አድርጋ አለፈች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ መንገዷን ቀጠለች። ወለሉ ላይ ምንም የለም። ጣይባ መልሳ አየችው። ቢያድግልኝ ከኩሽና ሲወጣ ያንኑ አደረገ። ዕቃ አጣቢዋም እንዲሁ። ቀጥሎ የመጣችው ራሷ ጣይባ ነበረች፤ ሁለት ሳህን ይዛ፣ ከአንድ እንግዳ ጋር እየተነጋገረች፣ ወደ እግሯ ሳትመለከት፣ የተዘረጋ እግር ላለመርገጥ እንደሚደረገው ዞር ብላ አለፈች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ እግርም ለካ እንደዚያው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያን እግር ሲሸሹ ኖረው ልማድ ሆኖባቸዋል አለች በልቧ። ይህን ብላ ጥቂት ተረጋጋች። ከዚያ ኒምኮን አስጠራቻት።

“ኒምኮ፣ ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?”

“ሦስት ወሬ ነው።”

“ማዳም ሜይን ታውቂያቸዋለሽ?”

“የት አውቃቸዋለሁ? እኔ ያኔ ጅግጅጋ ነበርኩ” አለች ኒምኮ። “ምነው፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?”

“የለም። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ጣይባ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ ሦስት ጊዜ ደገመች። ሌሎቹን አይታ የለመደችው ይሆናል። ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

ያንን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የደወለችው የሚስተር ፋን ልጅ ሊንግ ነበረች። በእንግሊዝኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምትናገረው።

“ይቅርታ፣ በሥራ ሰዓት አስቸገርኩሽ። አባቴ ነገ ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮለት ነበር። አልፈርምም አለ። ‘እናትሽ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ እሷን ትቼ አልተኛም’ ይላል። የአውሮፕላን ትኬት እያፈላለገ ነው።”

“ሐኪሞቹ ምን አሉ?”

“ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገለት ሁለት ወርም አይቆይም አሉ። እባክሽ ጣይባ፣ ካሜራዎቹን አጥፊልኝ። ሌት ተቀን ያንን ነው የሚያየው።”

የካሜራው መሰኪያ ከጣይባ እጅ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። መንቀሉ ቀላል ነው። ግን ሚስተር ፋንን ታውቃቸዋለች። ዓይናቸው ከተጋረደ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ናቸው።

“ነገ ሰባት ከሃያ ድረስ ጊዜ ስጪኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አደርጋለሁ” አለቻት።

“ሐኪሙ ቀጠሮውን በአንድ ቀን ካራዘመልኝ” አለች ሊንግ።

ሐኪሙ አራዘመላት። በነጋታው ጣይባ ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ራሷ ደወለች።

“ሚስተር ፋን፣ ማዳም አሁንም እዚያ አሉ?” አለች።

“አለች” አሉ። ድምፃቸው እንደ አሸዋ ይሻክራል። “ልጄ ያልኩትን ነግሮሃል። አብዷል ብሏል፣ አይደል?”

“እንደዚያ አላለችም።”

“ጣይባ፣ ባለፈው እሑድ መቃብሯ ሄድኩ። ብርቱካን አስቀመጥኩ፣ ሻይ አፈሰስኩ። እዚያ የለችም። መቃብር ባለቤቱ ሲኖር ይታወቃል። የእሷ ባዶ ነው። እኔ እዚህ አጠገቡ ነኝ፣ እሷ ግን እዚያ አንተ ጋ ናት።”

ጣይባ ሲኒ አነሳች። ለሙት ሻይ መቅዳት በሃይማኖቷ የማይሆን ነገር ነው፤ እሱን ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ ቆርጣለች። ከሰው ጋር መቀመጥን ግን ማንም አልከለከላትም። ለራሷ አንድ ሲኒ ሻይ ይዛ ወደ አራተኛው ጠረጴዛ ሄደች። በረኛው ዳሂርና ኒምኮ ከሩቅ ያዩዋታል። ቢያድግልኝ የኩሽናውን በር ገርበብ አድርጎ ቆሟል። ከመስኮቱ ራቅ ያለውን ወንበር ስባ፣ ጀርባውን ለካሜራው ከሰጠው ወንበር ትይዩ ተቀመጠች።

“ያዩኛል?”

“አየሁህ። ከፊትህ ናት።”

ጣይባ ዓይኗን ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተከለች። ቀና ልትል አልደፈረችም።

“እጇን አስቀመጠች” አሉ ሚስተር ፋን። “ሲኒህ አጠገብ።”

ሻዩ ላይ ይወጣ የነበረው እንፋሎት ቀጠነ። የአየር ማቀዝቀዣው እንደሆነ ለራሷ ነገረች። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

“ምን ትላለች?”

“ካሜራው ድምፅ የለውም” አሉ ሚስተር ፋን ቀስ ብለው። “የምትሰማው አንተ ነህ።”

ጣይባ አዳመጠች። ኩሽና ውስጥ ዘይት ይንጫጫል፣ ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ በአዳራሹ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሳል አሰማ። ከዚህ ሌላ የሰማችው ነገር ይኑር አይኑር በኋላ ቢያድግልኝ ሲጠይቃት መልስ አልሰጠችውም። እናቷን አሰበች፤ በየቀኑ ይመጣ የነበረውን የሾርባ ዕቃ ሙቀት አሰበች። ከዚያ ተናገረች።

“‘ሂድ’ ትላለች። ‘ግባና ታከም’ ትላለች። እሷ አትቸኩልም።”

ከወዲያ በኩል ሚስተር ፋን አልጋቸው ላይ ቀና ሲሉ ተሰማ።

“እንደዚያ አለች?”

“እንደዚያ ነው ያለችው።”

“አትቸኩልም” አሉ ሚስተር ፋን፤ ቃሉን የሚቀምሱት ይመስል ደገሙት። “እውነት ነው። እሷ መቼም ቸኩላ አታውቅም።” ስልኩ ተዘጋ።

ጣይባ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሳች። ውሸት ነው የተናገርኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አለች። ያንን እያለች ግን ውሸት የተናገረ ሰው የሚሰማው ቅልል ማለትም ሆነ ማፈር አንዱም አልተሰማትም። ሻዩን ሳትጠጣው ራሷ ወስዳ ደፋችው።

ሚስተር ፋን በዚያው ምሽት ፈርመው በማግስቱ ገቡ። ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ሦስት ቀን ሙሉ ወሬ አልነበረም፤ ቢያድግልኝ ጨው እየረሳ፣ ጣይባም ሂሳብ እየሳተች ከረሙ። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሊንግ ደወለች።

“ነቅቷል። ድምፅ ገና የለውም፣ በወረቀት ነው የሚጽፈው። ዛሬ ስልኩን ስጪኝ ብሎኝ አዳራሹን ብዙ ቆይቶ አየው። ከዚያ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ? ‘ማንም የለም’። ጠረጴዛውን ለእንግዳ ስጡት ብሏል። ካሜራውንም ከዛሬ ጀምሮ አያይም።” ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። “ምን ብለሽው እንደሆነ አላውቅም። እግዜር ይስጥሽ።”

ጣይባ ስልኩን ዘግታ ወደ አዳራሹ ወጣች። ዓርብ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዳሂር በሰዎቹ መሃል ተሽሎክልኮ መጣ።

“ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰብ ናቸው፣ አራት ሆነው። ሽማግሌ ይዘዋል” አላት በሶማልኛ። “በመስኮቱ በኩል ያለው ባዶ ነው አይደል? ላስገባቸው?”

ጣይባ ጠረጴዛውን አየችው። ጨርቁ ነጭ ነው፣ ፀሐይ አርፎበታል። አንደኛው ወንበር፣ ለካሜራው ጀርባውን የሚሰጠው፣ ከጠረጴዛው ትንሽ ተስቦ ነበር። ጠዋት ያጸዳችው ልጅ ረስታው ይሆናል። ሄዳ ልታስጠጋው እጇን ዘረጋች፤ ዘርግታም ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳትነካው እጇን መለሰች።

“ሌላ ቦታ እስኪለቀቅ ሻይ እያጠጣህ አቆያቸው” አለችው ዳሂርን። “እዚህ ሰው አለበት።”