መካኒኩን ያመሰገነች ምላስ

መርከቢቱ በባሕር ላይ ወንበዴዎች ከተጠለፈች ወዲህ፣ የመርከቢቱ መካኒክ ሚስት የስፌት ሱቋን ቀደም ብላ እየዘጋች ወደ አማቷ ቤት ትሄድ ነበር። አማቷ ዘመናቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ከተያዘ ጀምሮ ሲያለቅሱ ያያቸው የለም። ስለ ባሕር ወንበዴዎች የተጻፈውን ሁሉ ከየቤተ መጻሕፍቱ ተውሰው፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆልለው ያነባሉ፤ ያነበቡትንም ለምራታቸው፣ እንደ ድሮ ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው፣ ያስረዳሉ።

«የድሮዎቹ አዛዣቸውን በድምፅ ይመርጡ ነበር» አሏት በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ። «ከፈራ ወይም ከጨከነባቸው ይሽሩታል። ምግብ የሚያከፋፍለው ሌላ ሹም ነው። በውጊያ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ደግሞ ካሳ ነበረው።»

«ከኛ ሹማምንት ይሻሉ ነበር በሉኛ፣ አባባ!»

«ዘረፋው ባይኖር።»

ሣቀች፤ ወዲያውም በሣቋ አፈረች። አማቷ ገጽ ገልጠው ቀጠሉ፤ የወንበዴዎቹ ብስኩት ነቀዝ ያፈላ ስለ ነበር፣ እንዳያዩት ጨለማን ጠብቀው ይበሉ እንደ ነበር ነገሯት። እርሷ ግን የሰማችውን ሁሉ ወስዳ በባሏ ላይ ትለካው ነበር። ባሏ በወጥ ውስጥ ፀጉር ካየ ገበታ ጥሎ የሚነሣ ሰው ነው።

«ዛሬ እንኳ ደግ ወሬ ይዣለሁ» አለች። «ከመርከበኞቹ ግማሾቹን አስቀድመው ሊለቋቸው ተስማምተዋል ብሎናል የመርከቡ ድርጅት። የሚለቀቁትን የሚመርጡት ወንበዴዎቹ ናቸው። የኛ ሰው አይቀርም፣ አይደል?»

ሽማግሌው ያነቡት በነበረው መስመር ላይ ጣታቸውን እንዳስቀመጡ ቀሩ።

«ምነው አባባ?»

«ምንም።»

«የምንም ፊት አይደለም ይሄ። ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ የማረኩትን ተራ መርከበኛ ብዙ ጊዜ ይለቁት ነበር። አናጢውን፣ ሐኪሙን፣ በርሜል ሠሪውን ግን በግድ ያስቀሩት ነበር። መርከብ ያለ ባለሙያ አይሄድማ።»

«እነሱ የድሮዎቹ ናቸው!»

«መርከብ ድሮም ይበላሻል፣ ዛሬም ይበላሻል።»

ባለፈው ጊዜ የወንበዴዎቹ አስተርጓሚ ደውሎ፣ «ባልሽ ምን ይችላል?» ብሎ በለሆሳስ ጠይቋት ነበር። ባለሙያ መሆኑን ካወቁ ይንከባከቡታል ብላ፣ «እጀ ወርቅ ነው! የሞተ ሞተር ያስነሣል። እሱን የሚያህል አታገኙም!» ብላ መልሳለች። ይህንንም አሁን ለአማቷ ነገረቻቸው። አልገሠጿትም፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብለው ብቻ መጽሐፉን ዘጉት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ሽማግሌው እንዲሰሙ በመካከላቸው አኖረችው።

«አንቺ፣ የመካኒኩ ሚስት» አለ አስተርጓሚው። «ባልሽ አጠገቤ ነው። ሰላም በይውና ቶሎ ጨርሺ።»

«ቆይ ወንድሜ! ያለፈው ጊዜ ዋሽቼህ ነው። ሚስት ስለ ባሏ ምን ታወራ? ቧንቧ እንኳ ቢፈስ ሰው ጠርተን ነው የምናሠራው። የነካውን ሁሉ ያበላሻል!»

አስተርጓሚው ከልቡ ሣቀ። ቀጥሎ የተሰማው የባሏ ድምፅ ነበር፤ ሻክሯል።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሰነፍ ነህ አልኩ! ምን ትሠራላቸዋለህ አንተ?»

«ሰድበሽኝ ብታውቂ እንኳ በእጄ ሙያ መጥተሽብኝ አታውቂም። ሌላው ሁሉ ታስሮ ሲውል እኔ በእጄ ነው እንደ ሰው የምቆጠረው። ትናንት ጥለውት የነበረውን ሞተር…»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። በሕይወታቸው ለተማሪም ለዘመድም ሐሰት ተናግረው አያውቁም፤ ልጃቸውን ያመሰገኑትም በእጁ ሙያ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ አባትህ ነኝ» አሉ። «ሚስትህ እውነቷን ነው። ያመሰገንኩህ አዝኜልህ እንጂ፣ ሙያ ኖሮህ አይደለም።»



«እሺ አባባ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «አላወቅሁም ነበር።»

ስልኩን ነጠቁት። አስተርጓሚው አሁን አልሣቀም።

«ሽማግሌ፣ ልጅዎ ሰነፍ ከሆነ እኛ ጋ ቆይቶ ይማራል። የሌሎቹን ሚስቶች ደስ ይበላችሁ በሏቸው፤ የመረጥናቸው ባሎቻቸው ነገ ይለቀቃሉ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ሴትዮዋ ደጋግማ መልሳ ደወለች፤ የሚያነሣ አልነበረም። በመጨረሻ ስልኩን አስቀምጣ ቀና ስትል፣ አማቷ መጻሕፍቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው እንደ ቆሙ፣ ያለቅሱ ነበር።

«ገብቶት ይሆን?» አሏት።

«ምኑ፣ አባባ?»

«እንደ ዋሸሁ።»