ታንኳ ቀዛፊው አንቱ የተባለበት መጽሐፍ

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ግቢ፣ እንዲደርቁ ከተሰጡት አንሶላዎች ጀርባ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ልብስ ጠጋኟ ሰምታ ነበር። ግማሹን ረስታዋለች። አንዱ ድምፅ የወንድ ነበር፤ «በዚህ ሳምንትማ አይሆንም፣ እኔም ሰው ነኝ» ያለ መሰላት። የሴቷ ድምፅ ደግሞ «ታዲያ ከውኃው አውጣው! ማን ያውቅብሃል?» አለ፤ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። ጠጋኟ ያን ሰሞን ሐዘንተኛ ነበረችና ጆሮዋ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። የተዘፈዘፈ ልብስ የተረሳ መስሏት ሄዳ ገንዳውን አየች። ገንዳው ባዶ ነበር። ተመልሳ መርፌዋን አነሳች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በሆስፒታሉ የሚቀደድ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፦ አንሶላው፣ የሐኪሙ ጋውን፣ የሕፃናቱ ብርድ ልብስ። ፊደል የለየችው ማንም ሳያስተምራት፣ በጸሎት መጽሐፏ ላይ ጣቷን እየጎተተች ነው። አንድ ገጽ ጀምራ እስክትጨርስ ግን አንድ ጋውን ይጠገናል፤ ስለዚህ ታሪክ የምትወደው በጆሮዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ የልብስ መጋዘኑ ጠባቂ «የጭጋግ ወንዝ» የተባለውን ረጅም የምናብ ታሪክ ለእሷና ለልብስ ተኳሿ ሲያነብላቸው ኖሯል። ስድስት ቅጽ አልቋል። ሰባተኛውና የመጨረሻው ሰኞ ይወጣል።

መጋዘን ጠባቂውን «አንባቢው» ይሉታል። እድሜው ከጠጋኟ እድሜ እምብዛም አይርቅም፤ ነገር ግን አንቱታን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ ሰው ነው። ትናንት የተቀጠረችውን ነርስ «እርስዎ» ይላታል። አንድ ቀን መጋዘኑ የገባች ድመት ሲያባርር «ኧረ ይውጡ፣ እባክዎ!» ሲል ተኳሿ ሰምታ ሳምንት ሙሉ ስቃበታለች። ተኳሿን ራሷን ደግሞ «ካውያ» ይሏታል፤ ከያዘችው ብረት ይልቅ ምላሷ ስለሚፋጅ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋኟ አንድ ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። በልብስ ጠመኔ ሦስት መስመር ጽፋበታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ካውያ።

«ትንቢት ነው። መጽሐፉ ሳይወጣ ይጻፍ፤ ኋላ አውቄው ነበር ብል ማን ያምነኛል? አንደኛ፣ ከከተማው ሥር የተኛው ዘንዶ አይነቃም። ሕዝቡ በጀርባው ይሻገርበታል፤ ድልድይ ሆኖ ይቀራል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንኮራፍቶብን ሳይነቃ? እኔ ራሴ ሄጄ በዚህ ካውያ እቀሰቅሰዋለሁ!»

«ሁለተኛ፣ መንትዮቹ ጠንቋዮች ይታረቃሉ። ሦስተኛ…» ጠጋኟ ግድግዳ የሚሰማባት ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የጠፋው ንጉሥ ታንኳ ቀዛፊው ናቸው።»

«አበስኩ ገበርኩ! ያ በተቀደደ ሸራ የሚዞር ሽማግሌ?»

«አዳምጪኛ። እስከ አራተኛው መጽሐፍ እኩሌታ ድረስ ‹ቀዘፈ፣ ሳቀ፣ አለ› ነው የሚባሉት። ከዚያ ወዲህ ግን ‹ቀዘፉ፣ ሳቁ፣ አሉ› ሆነ። ለምን? ደራሲ እንዲሁ በከንቱ ቃል አይለውጥም! ሳይነግረን እየነገረን ነው እንጂ። ዙፋኑ የእሳቸው ነው። አይደለም እንዴ አንባቢያችን?»

አንባቢው ዳቦው ትን አለው። ሳለ፣ ውኃ ጠጣ፣ «እንግዲህ… እግዜር ያውቃል» ብሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ጠጋኟን የከነከናትም ይኸው ነበር። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ «ሰባተኛውን እኔ አላነብም፤ ዓይኔ ደክሟል» ካለ። ዓይኔ ደክሟል የሚለው ሰው ግን የአንሶላ ጠርዝ ላይ ያለችውን የዋርድ ቁጥር ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ያነባል። ምን ብዬ አስቀይሜው ይሆን እያለች የተናገረችውን ሁሉ እንደ ቀሚስ ጫፍ እየገለበጠች ስትፈትሽ ከርማለች። የዘጠኝ ዓመት መንገድ በሩ ላይ ሲደርስ ሊቆም ነው። ለተረት መጸለይ አሳፍሯት ነበር፤ ቢሆንም ማታ ማታ ከሕሙማኑ ስም ቀጥላ፣ ቶሎ ብላ፣ ይህንንም ጣል ታደርጋለች።

በዚህ መካከል አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ኪሱ የተቀደደ ጋውን ይዛ ገባች። ጥቁሩን ጨርቅ አየችና ፊቷ በራ።

«እናንተም ‹የጭጋግ ወንዝ›ን ታነባላችሁ? እኔ እኮ ስድስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የጨረስኩት! የዘንዶው ትንቢት ድንቅ ናት። የጠንቋዮቹም ትሆናለች። ታንኳ ቀዛፊው… የትኛው ቀዛፊ? ያ አራተኛው ላይ ሰምጦ የሞተው?»

ጠጋኟ ከመርፌዋ ቀና አለች። የተኳሿ ብረት እርጥብ ጨርቅ ላይ ጭስስ አለ።

«ምነው? ምን ተናገርኩ?» አለች ባለሙያዋ አፏን ይዛ።

«ፈረጠ! እኔ ድሮም አንድ ቀን ይፈርጣል ብያለሁ» አለች ካውያ።

አንባቢው የጀመረውን አንሶላ እጥፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ያዘ። ጠጋኟን ሳይሆን መርፌዋን እያየ ተናገረ።

«ወንድምዎን የቀበርን ሳምንት ነበር፣ እትዬ። ‹ቀዛፊው ልክ እንደ ወንድሜ ነው የሚቀልደው› ይሉን ነበር። ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን ስገልጥ ቀዛፊውን ወንዙ ይወስዳቸዋል። ቀና ስል እርስዎ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ካውያን አማከርኳቸው።»

«ከውኃው አውጣው አልኩት፤ አልዋሽም» አለች ካውያ።

«አወጣኋቸዋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ነው። ደራሲው ‹አለ› ብሎ ሲጽፍ እንደተጻፈው አነባለሁ። ከራሴ አፍ ሲሆን ግን… ያን የሚያህሉ ሽማግሌ እንዴት ተደርገው ‹አለ› ይባላሉ? አፌ እምቢ አለኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ! ስድስተኛው ላይ ያገቧት መበለትስ?» አለች ካውያ።

«እሳቸውም… የእኔ ናቸው።»

«አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ለአንድ ሳምንት አውጣው አልኩ እንጂ እስከ ጋብቻ አልኩህ? ለሠርጉ አልቅሻለሁ እኮ!»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «ቀዛፊው ሚስት አገባ?» አለች ቀስ ብላ። «ሠርጉ እንዴት ነበር?»

«አሁን ሰባተኛው መጣ» አለ አንባቢው፣ የሰማት አይመስልም። «የሁሉም ዕጣ የሚለይበት ነው። እርስዎ ደግሞ ዙፋን ላይ ሊያስቀምጧቸው ነው። እኔ ከየት አምጥቼ ላስቀምጣቸው? ዋሾ ነው ከምባል ብዬ ዓይኔ ደከመ አልኩ።»

ጠጋኟ ፊቷ ጋለ። አራት ዓመት እንደ ሕፃን ተባብያለሁ ማለት ነው ብላ ልትቆጣ አንደበቷን አዘጋጀች፤ ቁጣው ግን ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

«ታዲያ ተቀይመኸኝ አይደለማ?»

«እኔ? እርስዎን? ምን በወጣኝ!»

«ተመስገን!» አለች። ከትከሻዋ ላይ ውኃ የጠጣ ብርድ ልብስ ያነሱላት ያህል ቀለላት። ሳቀች፤ ሳቁ እንባ አስከተለ፤ በእጇ ባለው ጋውን ልትጠርግ ስትል ካውያ ነጥቃ መሐረብ ሰጠቻት። «ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ… አንተ ለካ ሰው ይዘህ መግቢያ አጥተህ ነው!»

ተነሥታ ሦስተኛውን ትንቢት በመዳፏ ጠረገችው። «ዘንዶውን ግን አልነካም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«ስማኝ፣ አንባቢያችን። ወንድሜን አፈር አልብሼዋለሁ። ማረፉን አምናለሁ፤ በጸሎቴም ስሙን ስጠራ አልደነግጥም። አንተ ግን ያን ምስኪን አራት ዓመት ሙሉ ሳታሳርፍ አስቀዘፍከው። ክንዱ አይዝልም? ሰባተኛውን ከመጀመርህ በፊት ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን አንብብልኝ። እንደተጻፈው።»

«ይህን አይጠይቁኝ፣ እትዬ። እኚህ እመቤት አሉ፣ እሳቸው ያንብቡልዎ።»

«እኔ ሳነብ በሽተኛ ያለ መርፌ ነው የሚያንቀላፋው» አለች ባለሙያዋ።

«ከውኃው ያወጣኸው አንተ ነህ» አለች ጠጋኟ። «ለወንዙ መልሰህ የምትሰጠውም አንተ ነህ። ለእኔ ብለህ ያደረግከውን፣ ለእኔ ብለህ ፍታው።»

አንባቢው አንሶላውን ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። አንድ ጊዜ ቢበቃውም ሁለተኛ አጠፈው።

«መስመር ሳልዘል?»

«መስመር ሳትዘል።»

«እኔም ካውያዬን አጥፍቼ እቀመጣለሁ» አለች ካውያ። «ካለቀስክ ግን አልስቅብህም አልልም።»

«ይሳቁ፣ ግድ የለም» አለና በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሁለት ሳምንት ይዞት የከረመው ትንፋሽ ይመስላል። ሰኞ አራተኛውን ቅጽ ከቤቱ ሊያመጣ፣ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን ውኃው በቀዛፊው ላይ እስኪዘጋ ድረስ «አለ» የሚለውን «አለ» ብሎ ሊያነብ፣ ድምፁ ከተያዘም ውኃ ተጎንጭቶ ሊቀጥል፣ በማግሥቱም ሰባተኛውን ሊጀምር ተስማማ።