ሠላሳ ዓይነት ይቅርታ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ላይ ዜና ያነበበች ሴት ናት። መልኳን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፅዋን ግን ቲማቲም ሻጩም፣ ባንክ ቤት ያለችው ልጅም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠውም ያውቀዋል። «አንድ ኪሎ መዝንልኝ» ስትል ሰዉ ዞር ብሎ አፍ አፏን ያያታል። እሷም ደስ ይላታል፤ ምን ይደበቃል? ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ጌጥ አልነበራትም። ስሟን ትቶ ሁሉም አንባቢዋ ይላት ነበር፤ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ያው አንባቢዋ ሆና ቀረች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ አንድ ኩባንያ አፈላልጎ አገኛት። መዳፍ የምታክል ሣጥን ይሠራሉ። ሣጥኗ ቤት ውስጥ ትቀመጥና ሰው «ቤቴ» ብሎ ሲጠራት መብራት ታበራለች፣ የመስኮት መጋረጃ ትጠቀልላለች፣ ማሞቂያ ታጠፋለች፣ በር ትቆልፋለች፤ የታዘዘችውን ማድረጓንም በአፏ ትናገራለች። የጎደላቸው አፉ ነበር። አንባቢዋ ነገሩን አስረድተው ሳይጨርሱ እሺ አለች። ሬዲዮው በቃኝ ያለው ድምፅ ሰዉ ሳሎን ድረስ ሊገባ ነው ብላ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ቀረጻው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ክፍሉ በስፖንጅ የተለበጠ፣ ሁለት እርምጃ የማያራምድ ጠባብ ነው። የእጅ ሰዓት ክልክል፣ አምባር ክልክል፤ ስልክ ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ ውጪ ያለ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሆዷ እንዳይጮህባት ጠዋት ጠዋት ግማሽ ፖም በልታ ትገባለች። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠውን የድምፅ ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቹ ጆሯም ነው የሚሉት። ጆሮውስ እንደማንኛችንም ጆሮ ነው፤ ግን ሰው ምራቁን ሲውጥ ይሰማል።

«መጋረጃው ተከፍቷል» ትላለች አንባቢዋ።

«ይደገም። መጨረሻው ላይ ትንሽ ፈገግ ይበሉ።»

«መጋረጃው ተከፍቷል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!»

መጋረጃውም መብራቱም ቀላል ነበር። ከባዱ ይቅርታው ነው። ሣጥኗ ከምትሰማው የማትሰማው ይበዛል፤ ይህን ራሱ ጆሯም እየሳቀ ነግሯታል። ሰው ደግሞ የገዛ ዕቃው አልሰማም ሲለው ደሙ ይፈላል፤ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ሊፈጠፍጣት ይችላል። ስለዚህ ይቅርታው በርከት ይበል ተባለ፤ ሠላሳ ዓይነት። አንዴ ላልተሰማ ሰው ቀለል ያለ፣ ሁለቴ ላልተሰማ ሰው ሐፍረት የቀላቀለ፣ ሦስቴ ላልተሰማ ሰው አንጀት የሚበላ። ለሽማግሌ የሚሆን አለ፣ ለሕፃን የሚሆን አለ፣ ተቆጥቶ ለሚጮህ የሚሆንም አለ።

«ሊወረውራት ያነሣት ሰው መልሶ እንዲያስቀምጣት አድርገው ይበሉልኝ» አላት ጆሯም።

ለዚህ ሥራ ሦስት ቀን ተመድቦ ነበር። አንባቢዋ በአንድ ቀን ጨረሰችው። ጉዱ የፈላውም ያን ቀን ነው።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ኩኩ ነው የምትላት። ኩኩ ያኔ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሥራ ሩቅ ቦታ ሄዶባት እናቷ ቤት ሰንብታ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንባቢዋ ጫማዋን ስታደርግ ልጇ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ወገቤን እያመመኝ ነው። ዛሬ ባትሄጂስ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ፣ ኩኩዬ» ብላ ግንባሯን ስማት ወጣች።

ስድስት ሰዓት ላይ ዐሥራ ሰባተኛው ይቅርታ ላይ ነበሩ። ጆሯም ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና «ይበቃናል፣ ምሳ ይብሉ፤ የቀረውን ነገ እናደርሳለን» አላት። እሷ ግን ድምፅዋ ሞቆላት ነበር። እንዲህ የሞቀበትን ቀን ሬዲዮ ላይ እንኳ አታስታውስም። «የምን ነገ? እንጨርሰው» አለች። ጨረሱትም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉንጯ ቀልቶ፣ ተመስግና፣ ተጨብጭቦላት ወጣችና መሳቢያውን ከፈተች። ልጇ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች።

ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው በር ሰብረው ሆስፒታል ሲያደርሷት ረፍዶ ነበር። ኩኩ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ እሱ አልተረፈም።

አንባቢዋ አልጋው አጠገብ ቆማ «አላስወጡኝም» አለች። «በሩን ከውጪ ነው የሚቆልፉት። ለመንኳቸው፣ ኩኩዬ፤ አላስወጡኝም።» ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው የዋሸችው ማለት ይከብዳል፤ ቃሉ ከአፏ አመለጣት፣ ካመለጠ በኋላ ደግሞ እሱን መልሶ ለመዋጥ ወኔ አጣች። ልጇ አመነቻት። ሁለት ወር ሙሉ እናትና ልጅ አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ። ኩኩ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይነገር፣ በሩ ተዘጋ። ስልክ አይነሣም። ብትሄድ አይከፈትም። ሰው ብትልክ መልሱ «ደህና ነኝ በላት» ብቻ ነው። አራት ዓመት! በመሀሉ ኩኩ ሴት ልጅ ወልዳ ሕፃኗ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አያት ግን የልጅ ልጇን መልክ የምታውቀው አማቿ ተደብቆ በላከላት ሁለት ፎቶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ያው አማች ደወለ።

«እናቴ፣ ትምጣ ብላለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ። ለምኜ ለምኜ ነው።»

አንባቢዋ ታክሲ ውስጥ ስትለማመድ ሄደች። ከንፈሯ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ያየች አንዲት ሴት ወንበር ቀየረችባት። ሐሳቧ ቁርጥ ያለ ነው፦ ይቅርታ ትላለች፤ ያንን አራት ዓመት ሆዷ ውስጥ ሲበላት የኖረውን ውሸት አውጥታ ትናዘዛለች፤ ከዚያ የልጅ ልጇን ትታቀፋለች። ልክ እንደ ዜና ቀዳሚውንና ተከታዩን አሰናድታዋለች። ዛሬ ልጇን ካላገኘቻት ሌላ ቅዳሜ እንደማይኖራት ታውቀዋለች።

አማቿ በሩን ከፈተላትና ወደ ሳሎን አስገባት። መጋረጃው ወርዶ ስለነበር ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ማድ ቤት ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ኩኩ እዚያ ናት፣ አልወጣችም። ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ የላስቲክ ኩባያ እየደራረበች ትጫወታለች።

«እንደምን አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አለች አንባቢዋ ጎንበስ ብላ።

ሕፃኗ ቀና ብላ እሷን ሳይሆን መደርደሪያውን አየች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ አፍ ተመለሰች። እንደገና ወደ መደርደሪያው። ግራ ገባት።

«ስምሽን አትነግሪኝም?»

አሁን ለሕፃኗ ገባት። ፊቷ በራ፤ ጣቷን ወደ አያቷ ቀሰረችና በዚያ ኮልታፋ አንደበቷ «ቤቴ፣ መጋረጃ ክፈቺ!» አለች።

ከልጅ ልጇ አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ትእዛዝ ሆነ። ምን ታድርግ? እንኳን መጋረጃ ጣራም ክፈቺ ብትባል ትከፍታለች። ወደ መስኮቱ ሄደችና ገመድ ፈለገች፤ የለም። በጎን በኩል ዳበሰች፤ የሚሳብ ነገር የለም። ከሥር ይዛ ወደ ላይ ልትገፋው ሞከረች፤ እንቢ አላት። ያኔ ከኋላዋ አንድ ሰው ተናገረ።

«ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ አልሰማሁሽም። እስቲ ድገሚልኝ።»

አንባቢዋ ዞር አለች፤ መደርደሪያው ላይ መዳፍ የምታክል ሣጥን ተቀምጣለች። የራሷ ድምፅ ነው። ለሕፃን የሚሆነው ይቅርታ ነው፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለችው፣ ጆሯም ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጨበለት። ሕፃኗ ትእዛዟን ጮክ ብላ ደገመችው፤ መጋረጃው ከአንባቢዋ እጅ አምልጦ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ወጣ፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወደቀ።

«ተዋወቃችሁ ማለት ነው» አለች ኩኩ። ማድ ቤቱ በር ላይ እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆማለች። ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፤ እናቷ ይህንንም አታውቅም ነበር።

«ኩኩዬ» አለች አንባቢዋ፤ ታክሲ ውስጥ ያሰናዳችው ሁሉ ከእጇ ተበተነ፤ የቀረላት የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። «ይቅርታ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።»

ከልቧ ነው ያለችው፤ አምላክ ያውቃል። ግን ትንፋሹ ከሆድ ተነሣ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ በልኩ ዝቅ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የተገራ ጉሮሮ ሌላ ነገር አያውቅም። ሕፃኗ ወደ መደርደሪያው እያየች ሳቀች።

«ይሄ ሦስቴ ላልተሰማ ሰው የሚባለው ነው» አለች ኩኩ ረጋ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ሣጥኗ ሦስት ጊዜ አልሰማ ስትል ልክ እንደዚህ ነው የምትለው። መጨረሻው ላይ ዝቅ ትያለሽ።»

አማቱ ፊት የቆመው የኩኩ ባል እጁን አፋተገ። «እናቴ፣ እኔ መጋረጃና ሣጥን የምገጥመው ለዚያው ኩባንያ ነው፤ ሥራው ነው ያመጣብን። ድምፁን ቀይሬው ነበር። የወንድ አለ።»

«ቀይሮት ነበር» አለች ኩኩ። «እኔ ነኝ ያስመለስኩት። እሱ ሥራ ሲሄድ ፊት ለፊቷ እቀመጥና የማይሆን ነገር አወራላታለሁ፤ ሆን ብዬ፣ የማይገባትን። ይቅርታ ትለኛለች። ደግሜ እለፈልፋለሁ፤ ደግማ ይቅርታ ትለኛለች። ይቺን አርግዤ ወራቱን እንዲያ ነው የገፋሁት። መጀመሪያ መጀመሪያ እንባዬን አልችለውም ነበር። ኋላ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማው ጀመር። አሁን ይለፈፍ አይለፈፍ አላውቀውም። ይቅርታሽን ጨርሼዋለሁ፣ እማ። ሌላ ይዘሽ ከመጣሽ ንገሪኝ።»

አንባቢዋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ይዛ መምጣቷን አስታወሰች።

«አላስወጡኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ ሂጂ ብለውኝ ነበር። እንጨርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ሞቆልኝ ነበር፣ ኩኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ድምፄ ሞቆልኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

ባል አንገቱን ደፋ። «ኩባንያው ዘንድ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ጆሯምን አገኘሁት» አለ። «የእርስዎ አማች መሆኔን ሲሰማ አሞገሰዎት። ‹ምሳ እንኳ አልበላም ብላ ሠላሳውን ይቅርታ በአንድ ቀን የጨረሰች ሴት› አለኝ። እኔ ደግሞ ይሄን ሰምታ በእናቷ ትኩራ ብዬ... ማታውኑ ነገርኳት። ቀኑን ከቀኑ ጋር አላገናኘሁትም ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉ አጽናናሁሽ» አለች ኩኩ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ፎጣውን ግን እስኪጨማደድ ጠምዝዛዋለች። «እኔ! ልጄን ቀብሬ መጥቼ፣ ጡቴ ወተት እያፈሰሰ፣ ‹አይዞሽ እማ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ቆልፈውብሽ› እያልኩ ጀርባሽን አሸሁልሽ። አንቺም ታሸሽ። በቃ ይሄ ነው ያቃጠለኝ። እውነቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ በበር ሥር ብታስገቢው ኖሮ በሩን እከፍትልሽ ነበር። አራት ዓመት በሩ ሥር ሳይ ኖርኩ።»

«ይኸው ነገርኩሽ።»

ኩኩ የጠመዘዘችውን ፎጣ ፈታችው። አንድ ነገር ከውስጧ ይነሣ እንደሆነ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ባልም ጠበቀ፤ አንባቢዋም ጠበቀች።

«ነገርሽኝ» አለች በመጨረሻ። «ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ምንም የለም።»

ሕፃኗ መካከላቸው መጥታ አያቷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻትና መብራት እንድታበራላት አዘዘች። መደርደሪያው ላይ ያለችው ቀድማ አበራች። ሕፃኗ ለመደርደሪያው «አመሰግናለሁ ቤቴ» ብላ ወደ ኩባያዎቿ ተመለሰች።

አንባቢዋ ብዙ ነገር ትችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችውም።

«እሺ፣ አትማሪኝ» አለች። «መብትሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ድምፄን ከዚህ ቤት አውጪልኝ። የወንዱን አድርጉት። እኔ ደጅ ቆሜ እሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከልጅሽ ጋር ሲያወራ፣ ሲመሰገን... ይሄን አልችለውም፣ ኩኩዬ።»

«አላወጣትም።»

«ለምን? ጨርሼዋለሁ አላልሽም?»

«ለኔማ ጨርሼዋለሁ። ለሷ ነው።» ኩኩ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን አነሣቻትና ወገቧ ላይ አስቀመጠቻት። «ስትጠራት አቤት የምትላት አያት ትኑራት ብዬ ነው።»

አንባቢዋ ተነሣች። ቦርሳዋን ከሶፋው ላይ አነሣች፤ አማቿም ሰዓቱ ሳይሞላ በሩን ከፈተላት።