ፀዳለ ያልደበቀችው ሕመም

ፀዳለ መርሳ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። አንደበቷ የተባ ነው፤ ደፍሮ የሚከራከራት የለም። ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ባሏ ሲራክ የጭነት መኪናውን እንደያዘ አዲስ አበባ ቀረ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ።

ከእምብርቷ በታች የጀመራት ቁርጠት ያን ሰሞን ባሰ። ሽታ ያለው ፈሳሽም ታየባት። አፍራ ዝም አለች። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣትና ቀና ብላ መሄድ ሲያቅታት ጎረቤቶቿ «ብርድ ነው» ብለው ፌጦ አጠጧት። አልተሻላትም። የመርሳ ጤና ጣቢያ ተዘርፎ ነበርና የሰፈሩ ወንዶች፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ በቃሬዛ ተሸክመው በአቅራቢያው ወዳለችው ግራና ከተማ ወሰዷት። እዚያ ናጅዋ የምትባል ነርስ ከዘረፋ ያተረፈችው መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ነበራት።

ናጅዋ ወንዶቹን አስወጥታ ሆዷን ዳሰሰች። ፀዳለ ጮኸች።

«ፈሳሽ አለሽ?»

«...አለኝ።»

«ይኼ ብርድ አይደለም እህቴ። በግንኙነት የሚተላለፍ ተሕዋስ ነው። ማሕፀንሽን አልፎ ሄዷል፤ ዝም ካሉት ይገድላል።»

«እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም!»

«መች ጠየቅሁሽ? የጠየቅሁሽ መርፌውን ትችይው እንደሁ ነው።»

ቻለችው። ትኩሳቱ እያደር ለቀቃት። ስትሰናበታት ናጅዋ አልሸሸገቻትም፦ መውለድ ሊያስቸግራት ይችላል፤ ባሏም ካልታከመ በሽታው ይመለስባታል።

መንገድ ሲከፈት ሲራክ መጣ። ሊያቅፋት ሲል ደረቱን በመዳፏ ገታችው።

«መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ።»

«እኔ ምን ሆንሁ? ምንም አላመመኝም።»

«አንተን አላመመህም። እኔን ግን ቃሬዛ ላይ አስተኝቶኛል።»

ሲራክ መሬት መሬት አየ። «መንገድ ላይ... ተሳስቻለሁ» አለ።

«ተሳስተሃል። ትታከማለህ። ስለ ቀረው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

በሚኒባስ ወልድያ ሄደው አብረው ታከሙ። ይቅርታው ግን ጊዜ ወሰደ።

ፀዳለ የደረሰባትን በሰንበቴ ለተሰበሰቡት ሴቶች ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። አማቷ እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ፣ ይኼ በሰው ፊት ይነገራል?»

«እማማ፣ እርስዎ ቢያፍሩብኝም እናገረዋለሁ። ሊገድለኝ የነበረው ዝምታዬ ነው።»

አሮጊቷ ጥግ ላይ ሆዷን ይዛ ወደ ተቀመጠች አንዲት ሙሽራ ዞሩ።

«ተነሽ፣ ፀዳለ ሐኪም ቤት ትወስድሻለች» አሏት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውም፣ «ምራቴ ናት!» አሉ።