የተጣበቀው አውሮፕላን

ሱፐር ግሉ የሚባለውን ሙጫ የፈጠረ ሰው የገዛ ጣቶቹ ተጣብቀው ይቅሩ! መጋረጃ ሰፊዋ ያን ቅዳሜ የእናቷን ቤት በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነበር፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ። ጫማ ተጠግኖ ይሆናል ብላ አለፈችው። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጣለች፣ የመጫወቻ ጡቦችን በየቀለማቸው ለመለየት ያመጣቻቸውን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ ከዚያ ቡፌው ላይ ያለውን አውሮፕላን ብድግ አደረገች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ፕሮፔለሩ ሄደ። በጣቷ ገፋ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም።

ደግማ ገፋችው። ጭራውን ሞከረች፣ ድርቅ። የማረፊያ ጎማዎቹን የሚያጥፈውን ዘንግ ሳበች፣ ድርቅ። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብታየው በየመጋጠሚያው ነጭ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ያን ጊዜ ሽታው የምን እንደሆነ ገባት፤ ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ለመጫወቻ ይሄ ሁሉ?» ሊል ይችላል። ይበል። ይህ አውሮፕላን ግን ተገዝቶ የመጣ አይደለም። ልጆች ከሚጫወቱባቸው፣ ጠቅ እያሉ እርስ በርስ ከሚያያዙት የፕላስቲክ ጡቦች ወንድሟ አንድ በአንድ ገጣጥሞ የሠራው ነው። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ። ማብሪያውን ሲጫኑት ሁለቱ ፕሮፔለሮች ይሽከረከራሉ፤ ዘንጉን ሲስቡት ጎማዎቹ ታጥፈው ሆዱ ውስጥ ይገባሉ። አይበርም እንጂ ሌላው ሁሉ ነበረው። ወንድሟ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ቀን የሰው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ይውልና ከሥራ ሲመለስ የእናቱ ሳሎን ወለል ላይ ተዘርፍጦ ጡብ ይገጥማል። ይህን አውሮፕላን ጨርሶ ቡፌው ላይ ባስቀመጠ በሳምንቱ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። በድንገት ነው ተባለ፤ ሁሉም በድንገት ነው ብሎ ቀበረው።

ጡቡ የወንድምና የእህት የጋራ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ትልቅ ሳጥን። ሲያድጉ ይተዉታል ሲባል አልተዉትም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እሱ ባቡር ወዳድ፣ እሷ አውሮፕላን ወዳድ ሆነው ወጡ። ጡቡ ለሁለት ስለማይበቃ ግን ሕግ አወጡለት። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያፈርሳል፤ ያፈረሰው ደግሞ በተራው ከዚያው ጡብ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ የሚያዘው ፊተኛው ሠሪ ነው። ትእዛዙ በአፍ አይነገርም፤ ከሠራው ነገር ሆድ ውስጥ አንዲት ጡብ ይደብቃል። ሰማያዊ ከሆነች ባቡር ሥራ፣ ቀይ ከሆነች አውሮፕላን ሥራ ማለት ነው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። እሱ ሁልጊዜ ሰማያዊ ይደብቃል፣ እሷ ሁልጊዜ ቀይ ትደብቃለች። እና ምን ሆነ ትላላችሁ? ባቡር ወዳዱ ሃያ ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሲሠራ፣ አውሮፕላን ወዳዷ ሃያ ዓመት ሙሉ ባቡር ስትሠራ ኖሩ። እሷ ከሐዲድና ከፉርጎ ጋር አሳሯን ስትበላ እሱ «አንዴ ሰማያዊ ደብቂልኝና እኔም ቀይ እደብቅልሻለሁ» ይላታል፤ እሷ «አንተ ቅደም» ትለዋለች። ማንም አልቀደመም። ሲያፈርሱ ያችን የተደበቀች ጡብ ባገኙ ቁጥር ወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ይስቁ ነበር።

ከሞተ ወዲህ አውሮፕላኑን መንካት አልሆነላትም። ይህን ካፈረሰች ሌላ ትእዛዝ አይመጣማ። ሰማያዊ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ቢሆንም የመጨረሻ ቃሉ ነውና በዓይኗ ልታየው ትፈልጋለች። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ሆዷን ይበላታል። ከመሞቱ በፊት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር፤ ሲጠየቅ ወገቤን ነው ብሎ ዝም። ያውቅ ኖሯል ወይስ አያውቅም? አያውቅም ነበር ከተባለ ታዝንለታለች፤ አውቆ ደብቋት ከሆነ ግን ይቅር አትለውም። ያን ቀን ጠዋት ጨርቅ እየቆረጠች መቀሷን አስቀመጠችና «ዛሬስ አፈርሰዋለሁ» አለች። መጣች። ያገኘችው ይህን ነው።

እናቷ ከጓዳ ወጡ። የጣቶቻቸው ጫፍ ሙጫ ደርቆበት ተላልጧል። ፊታቸው በርቷል።

«አየሽው?» አሉ። «አሁን እንኳን ሰው፣ ግንብ ቢወድቅበት ንቅንቅ አይል።»

ከዚያ በኩራት ያወሩላት ጀመር። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ነው ሙጫውን የሰጣቸው፤ በመርፌ ጫፍ አድርጉት፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ ብሎ የመከራቸውም እሱ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ስንት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው፣ አንዲት መጋጠሚያ ሳያስቀሩ፣ ክንፍ አይሉ ጎማ አይሉ፣ ሁሉንም አዳረሱት። ትናንት ጨርሰው ዛሬ መድረቁ ነው። ልጃቸው ታመሰግነኛለች ብለው ይሆናል፤ እንጃ።

«ማን ንኪው አለሽ?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

እናቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። አፏ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ግን ማን ይዝጋው! ያልገባሽን ነገር ለምን ትነኪያለሽ፣ ከጫማ ሰፊ ጋር ከምትማከሪ እኔን መጠየቅ ምን ነበረበት፣ የሰው እቃ ነው፣ የእሱ እቃ ነው፣ የእኔ እቃ ነው አለች። ጡብ አንዴ ከተጣበቀ ድንጋይ ነው፣ ከድንጋይም የማይረባ ድንጋይ ነው አለች። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። እናቷ ቆመው ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጨረስሽ?» አሉ። «እንግዲያ እኔን ስሚኝ። ሃያ ዓመት ባዶ እግሬን ጡብ ስረግጥ፣ ከምንጣፍ ስለቅም፣ ከሶፋ ስር ስጠርግ ኖርኩ። ሠራችሁ፣ አፈረሳችሁ። ሠራችሁ፣ አፈረሳችሁ። ይሄ አማረኝ ብዬ ሳልጨርስ በማግስቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄኛው ለእማዬ ይቅር ያለ አንድ ልጅ የለኝም። አሁን እሱም ፈረሰ። አንዷ ትቁምልኝ አልኩ። ምን አጠፋሁ?»

እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደዳት። በገዛ እናቱ ላይ ልክ ሆኖ መናደድ እንኳን ሲከለከል ሰው የት ይሂድ?

«ደግሞስ ምኑ ተበላሸ?» አሉ እናቷ ለስለስ ብለው፤ ልጃቸውን ማባበላቸው ነው። «እንደ ድሮው ይሠራል እኮ። ጠዋት ጠዋት እያስነሳሁት ድምፁን ልሰማ ነው።»

ማብሪያውን ተጫኑ። ሞተሩ ሆዱ ውስጥ አቃሰተ። ፕሮፔለሮቹ ድርቅ እንዳሉ ናቸው። እናቷ ይፈታ ይሆናል ብለው ጣታቸውን ሳያነሱ ጠበቁ። ማቃሰቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። መጋረጃ ሰፊዋ ቀልጠፍ ብላ አጠፋችው።

«ለምን አይዞርም?» አሉ እናቷ።

«የሚዞረውንም አጣብቀሽዋላ፣ እማዬ።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጣቶቻቸውን አዩ፣ አውሮፕላኑን አዩ። እንባ አልወጣቸውም፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ብቻ ጠፋ። ያን ጊዜ መጋረጃ ሰፊዋ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሰማያዊውና ስለ ቀዩ፣ እዚያ ሆድ ውስጥ ስላለችው ጡብ ነገረቻቸው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

«በግድግዳው ማዶ ስትስቁ እሰማ ነበር» አሉ እናቷ። «ምን እንደሚያስቃችሁ ግን አንዳችሁም ነግራችሁኝ አታውቁም። ብትነግሩኝ ኖሮ እነካው ነበር?»

እናቷ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና መዶሻና ፎጣ ይዘው ተመለሱ። አውሮፕላኑን በፎጣው ላይ አጋደሙት፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙት።

«ስበሪው» አሉ።

ልጅቷ አይሆንም አለች። እናቷ ፎጣውን አልለቀቁም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እኔም ማየት እፈልጋለሁ፣ ስበሪ አሏት። የመጀመሪያውን ምት ፈርታ መታችው፤ ምንም አልሆነ። ሁለተኛውን ግን ከነንዴቷ አሳረፈችበት፤ ክንፉ ተገንጥሎ ከቡፌው ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስቆማትም። ለሙጫው መታች፣ ለጫማ ሰፊው መታች፣ «በድንገት ነው» ላሉት ሁሉ መታች። ጡቦቹ በየመጋጠሚያቸው አይለቁም፤ መሃል ለመሃል ነው የሚሰነጠቁት። ሃያ ዓመት ሲፈርሱና ሲሠሩ አንድም ያልተሰበሩ ጡቦች! ሆዱ ሲከፈት ሞተሩ ወጣ፣ ባትሪው ወጣ፣ ከሁለቱ መሃል አንዲት ነገር ጠብ ብላ ፎጣው ላይ ወደቀች። ሙጫው ያልደረሰባት ብቸኛዋ ጡብ እሷ ነበረች።

ቀይ ናት።

መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ ተሳስቶ ነው አለች። ከዚያ ወንድሟ ጡብ ተሳስቶ እንደማያውቅ ትዝ አላት። ሌላ ሰማያዊ ካለ ብላ የቀረውን በጣቶቿ በረበረችው፤ ግራጫና ነጭ ብቻ። ቀይዋን አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«እንደሚሞት ነዋ! እማዬ፣ ቀይ ደብቆልኝ አያውቅም። ብለምነው አልደበቀልኝም፣ ባኮርፈው አልደበቀልኝም። የሚኖር ቢሆን በጄ አይልም ነበር። መሄዱን ስላወቀ ነው የተሸነፈልኝ።»

እናቷ ጡቧን ከእጇ ወስደው አገላብጠው አዩዋት።

«ወገቤን ነው አለኝ» አሉ። «በሆዱ ተኛና እኔ አሸሁለት። ቅባት ገዝቼ፣ ስንት ቀን አሸሁለት። ልቡን እያመመው ወገቡን ሲያሳሸኝ ነበር። እናቱን እንዲህ ይቀልድባታል?»

መጋረጃ ሰፊዋ ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ማን ላይ ስትናደድ እንደዋለች ገባት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄው ነው። ጥፋተኛው አፈር ውስጥ ተኝቶ አሮጊት ላይ ስትጮህ ዋለች። ጎንበስ ብላ የእናቷን የተላላጡ ጣቶች ሳመች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ባለቤቱን አገኘና ጨመረ።

«ማን ለምኖህ ነው የተሸነፍከው?» አለች ለተሰባበረው አውሮፕላን። «አፍ አልነበረህም? አሞኛል ማለት ከቀይ ጡብ ይከብድ ነበር? እኔ ላለቅስልህ ነው? ከቶ አላለቅስም።» እያለቀሰች ነበር።

እናቷ ስብርባሪውን በፎጣው ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ አልጣሉትም። ልጅቷ ከሶፋው ጀርባ ሳጥኑን ጎተተች። አውሮፕላኑ ላይ ያልዋለ፣ ሙጫ ያልነካው ጡብ ገና ግማሽ ድረስ አለ። ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ጎማዎቹን ለየች፣ ዘንግ መረጠች፣ ከስር የሚሆነውን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ማያያዝ ጀመረች። እጇ ቸኩሏል። እናቷ ትንሽ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ወገቤ እያሉ፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሃያ ዓመት ሲጠርጉት በኖሩት ወለል ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«አውሮፕላን ነው?» አሉ።

«ባቡር ነው። አውሮፕላን ሥሪ ብሎ የለ? እኔ ባቡር ነው የምሠራው። ከፈለገ መጥቶ ይቆጣኝ።»

እናቷ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የቱን ላቀብልሽ አሉ፤ አናቱ ላይ አራት ጉብታ ያለውን አለቻቸው፤ ስድስት ያለውን ሰጧት፤ ዝም ብላ ተቀበለች፣ ገጠመችውም። የባቡሩ ሆድ ቅርጽ ሲይዝ ቀይዋን ጡብ ከእናቷ መዳፍ ላይ አነሳችና መሃል ላይ ጠቅ አድርጋ አስገባቻት፤ ላይዋን ከደነችው። እናቷ እጇን ተከትለው አዩ።

«ይሄንንስ ማን ያፈርሰዋል?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ቀና አላለችም። ቀጣዩን ጡብ እየፈለገች ነበር።

«እሱ ይምጣና ያፍርሰው» አለች።